«ቤታችን ቃሊቲ ነው»

አዲስ አበባ ውስጥ «ቃሊቲ ገባሁ» ብሎ ለሥራ ባልደረባ መንገር ቀላል አይደለም። በመስከረም 2006 ዓ.ም. ቤት ቀይሬ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስደርስ «አዲሱ ቤት የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ቃሊቲ» አልኩ። «ስንት ዓመት ፈረዱብህ?» አለ አንዱ። ሌላው «ስንቅ ምን እናምጣልህ?» ብሎ ጨመረበትና ቢሮው በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ማታ ቤት ስገባ ግን ሳቁ አብሮኝ አልገባም። የዚያን ጊዜ አሥር ዓመቷ የነበረችውን ልጄን ጠርቼ «ትምህርት ቤት ሰፈርሽ የት ነው ብለው ከጠየቁሽ አቃቂ በዪ» አልኳት።

«ቃሊቲ አይደለም እንዴ አባዬ?»

«ክፍለ ከተማው አቃቂ ቃሊቲ አይደል የሚባለው? ግማሹን ብትጠሪ ውሸት አይሆንም።»

ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ ይይዛሉ። እሷም ያዘችው። ይህ ግማሽ ስም በኋላ ምን እንዳስከተለ ለመናገር መጀመሪያ ቤቱን ላሳያችሁ።

ቤቱ ሲሠራ ለሰው ተብሎ አልነበረም። በመጀመሪያ የዕቃ መጋዘን፣ ቀጥሎም የከባድ መኪና ጋራዥ ሆኖ የኖረ ትልቅ አዳራሽ ነው። ጋራዡ ሲዘጋ ባለቤቱ ባዶውን ከሚቀመጥ ብለው በብሎኬት ለአራት ከፈሉትና ለአራት ቤተሰብ አከራዩት። እኛ የመጣነው ከቄራ ነው። የተከራየናት ሁለት ክፍል ቤት በወር ከ1,800 ብር ወደ 3,000 ብር ስትዘልብን ደላላ ይዞን ወደ ቃሊቲ ወረደ። «እንደ ሜዳ ሰፊ ነው» ብሎኝ ነበር፤ አልዋሸም። በሩ አይሱዙ የሚያስገባ የላሜራ በር ነው፤ ከመካከሉ ለሰው የምትሆን ትንሽ በር ተቆርጣለታለች። የሲሚንቶው ወለል የዘይትና የግሪስ ጠባሳ አለበት። ባለቤቴ ስድስት ዓመት ሙሉ በኦሞ ስትፈትገው ኖራ ሳይለቅላት ቤቱን ለቀቅን።

ይህን የመሰለ አዳራሽ በአካባቢው ብርቅ አይደለም። አቃቂና ቃሊቲ የመጋዘን አገር ናቸው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር የሚያልፈው በአቃቂ ነበር፤ ወንዙም አለ፤ ወደ ደብረ ዘይትና ወደ ወደቡ የሚወስደው አውራ ጎዳናም በዚያው ነው። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ፣ አቃቂ መለዋወጫ፣ ቃሊቲ ብረታ ብረት፣ ቃሊቲ ምግብ እያለ የአዲስ አበባ ፋብሪካ በዚህ መስመር ተደርድሯል። ፋብሪካ ባለበት መጋዘን አለ። መጋዘኑ ሥራ ሲፈታ ደግሞ፣ ከተማው ውስጥ ቤት ኪራይ እንዲህ በናረበት ዘመን፣ ሰው መግባቱ አይቀርም።

ከወለሉ እስከ ቆርቆሮው ሰባት ሜትር ያህል ይሆናል። የብሎኬቱ ግድግዳ ግን ሦስት ሜትር ላይ ደርሶ ቆሟል። ከዚያ በላይ ያለው አየር የአራታችንም ነው። ጎረቤት ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የምንለው አልጋችን ላይ ተኝተን ነበር። አንዱ ቤት ሽንኩርት ሲቁላላ አራት ቤት ይርበዋል። ባልና ሚስት በሹክሹክታ መጣላትን ለመዱ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወርድበት ቴሌቪዥኑ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። በጋ ላይ በቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ኅዳር ላይ ሌሊቱን ደግሞ ብርዱ ከላይ ይወርድብናል።

ከፍታው በከንቱ ከሚቀር ብዬ ብየዳ ሠሪ ጠራሁ። የብረት ቋሚ አቁሞ፣ ላዩ ላይ ጣውላ ደርድሮ፣ መሰላል ሠርቶ ለልጄ መኝታ አወጣላት። ከቡልጋ መጥታ አብራን የምትኖረው እናቴ ቀና ብላ አየችውና «ይሄማ ቆጥ ነው! እኛ አገር ዶሮ የሚሰፍርበት። ልጅቷን ዶሮ አደረጋችኋት!» ብላ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ቆጥ ሆነ። ሚጡ ግን ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ከከተማው ልጆች ሁሉ ከፍ ብላ የምትተኛ እሷ ነበረች።

ፎቶውን አሜሪካ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ብልክለት በዚያው ሌሊት ደወለ። «ይሄ እኮ ሎፍት ነው! እዚህ ሀብታም ነው የሚኖርበት» አለኝ። እንደነገረኝ ከሆነ ኒውዮርክ ውስጥ ሶሆ በሚባለው ሰፈር የልብስ መስፊያ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ሲዘጉ፣ ባዶውን አዳራሽ በርካሽ ተከራይተው የገቡበት ሠዓሊዎች ነበሩ። ሰፊ ወለል፣ ትልቅ መስኮት፣ ብዙ ብርሃን ፈልገው ነው። በሕግ መኖሪያ ስላልነበረ ብዙዎቹ ተደብቀው ይኖሩ ነበር። የግዛቲቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ሕግ ለእነዚህ ተከራዮች ከለላ ሰጠ፤ ባለንብረቶችም ሕንፃዎቹን ለመኖሪያ ደኅንነት ብቁ እንዲያደርጉ ታዘዙ። ዛሬ እነዚያ ቤቶች ዋጋቸው አይቀመስም። «እኛ ጋስ መቼ ነው የሚወደደው?» አልኩት። ወሩ ሳያልቅ የቤት ኪራዩ 500 ብር ጨመረ።

እንዲህ ባለ ቤት ልጅ ለምታሳድጉ ወላጆች አንድ ሁለት ነገር ልበል። ቆጥ ላይ ልጅ ከማስተኛታችሁ በፊት መከለያው ቢያንስ ደረቷ ድረስ መድረሱን አረጋግጡ፤ የእኛ መጀመሪያ ጉልበቷ ላይ ነበር። ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ። ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ ከሙቀቱ ጋር ወደ ላይ ይወጣል፤ ላይ ደግሞ የተኛችው ልጃችሁ ናት። «ቤቱ ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ሩቅ ነው» የሚለው አያድናትም። እናቴ ቡናዋን በከሰል ካላፈላሁ ሞቼ እገኛለሁ ስላለች፣ ምድጃዋ ከትንሿ በር ውጭ ወጣ። የኋላ ኋላ እንደምታዩት፣ ብዙው ነገር የጀመረው ከዚያ ምድጃ ነው።

ቆጡ ላይ አንዲት መስኮት አለች። ለመጋዘኑ ብርሃን እንድትሰጥ ተብላ ከፍ ብላ የተሠራች ናት። በእሷ በኩል የሚታየው ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር የሚወስደው መንገድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት መንገዱ በሰው ይሞላል። እናቶች፣ ሚስቶች፣ አዛውንት አባቶች፣ ሕፃን ያዘሉ ወጣት ሴቶች፣ ሁሉም በፌስታልና በዘንቢል ስንቅ ይዘዋል። ሽሮው እንዳይፈስ እጃቸውን ከሥሩ አድርገው ይሄዳሉ። ብዙዎቹ ከከተማው ማዶ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይረው የመጡ ናቸው።

ልጄ በመስኮቷ ማየት ስትጀምር «አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብላ ጠየቀችኝ። በሚቀጥለው ቀን ቡናማ ቀለም ገዝቼ መስታወቱን ቀባሁት። «ፀሐዩ እንዳይወጋሽ ነው» አልኳት። እናቴ ከታች ሆና አየችኝ። ምንም አላለችም።

እናቴ ከምድጃዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ መንገደኛውን ሰላም ስትል ነበር የምትውለው። ቀስ በቀስ አንድ ጀሪካን ውሃና ሁለት ኩባያ አጠገቧ ታየ። ቀጥሎ ሁለተኛ በርጩማ ወጣ። የደከማት እናት ትቀመጣለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ትሄዳለች። ባለቤቴ አልወደደችውም። «እማማ፣ የማን ሰው እንደሆኑ እንኳ አናውቅም። የታሰረውስ ምን አድርጎ እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ቤት ውስጥ ሴት ልጅ አለን» አለቻት አንድ ቀን። ስጋቷ የእናት ስጋት ነው፤ አልፈረድኩባትም። እናቴ የመለሰችው «ልጄ፣ ውሃ የጠማው እሱ አይደለም፤ እናቱ ናት» ብላ ነው።

በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ በመጋቢት ወር፣ በዓቢይ ጾም አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ሳይሆን ድንገት ዶፍ ዝናብ ወረደ። እኔ ቤት ነበርኩ። አንዲት ሴትና ልጇ ከላሜራው በር ሥር ተጠለሉ። ሴቲቱ ፌስታሉን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃዋለች። እናቴ ትንሿን በር ከፍታ «ግቢ ልጄ፣ ግቢ እንጂ! ልጅቷን ብርድ ይመታታል» ብላ እጇን ይዛ አስገባቻት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማንም ማንንም አይሰማም ነበር። ልጅቷ እርጥብ የደንብ ልብስ ሹራቧን እያወለቀች ቀና ስትል አየኋት። ቆጡ ላይ ልጄ ቆማለች። አፏን በእጇ ይዛለች። ሁለቱ ሕፃናት ተያዩ።

ዝናቡ ሲያባራ ዝም ያልነው ሁላችን ነበርን። መጀመሪያ የተናገረችው እንግዳዋ ልጅ ናት። «ቤታችሁ አቃቂ አይደለም እንዴ?» አለች። ለካ የአንድ ክፍል ተማሪዎች፣ አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ጓደኛሞች ኖረዋል። ልጄ መልስ ፍለጋ ዞራ ያየችው እኔን ነው።

ልጅቷ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። ያለቀሰችው ልጄ ስለዋሸቻት አልነበረም፤ እሷም ስለዋሸች ነው። ትምህርት ቤት «አባቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል» ብላ ነበር። አሁን በእጃቸው ያለው ፌስታል ምን እንደሆነ ጓደኛዋ አይታለች። እናቷ አንገቷን ደፍታ «እኔ ነኝ እንደዚያ በዪ ያልኳት» አለች።

አንድ የማላውቃት ሴት፣ ባሏ ታስሮ፣ በሰው ቤት ቆማ እውነቱን ስትናገር እኔ በገዛ ቤቴ ዝም ማለት አልቻልኩም። «የእኔዋንም እኔ ነኝ ያልኳት» አልኩ። «ቃሊቲ ማለት አፈርኩና አቃቂ በዪ አልኳት። መስኮቱንም የቀባሁት ለፀሐይ አይደለም።»

ልጄ ከቆጡ ወረደች። ለካ መስታወቱ ጥግ ላይ ቀለሙን በጥፍሯ ፍቃ የዓይን ታህል ቀዳዳ ከፍታ ኖሯል። ጓደኛዋ በየቅዳሜው ስታልፍ እያየቻት ስትደበቅ ስድስት ወር ሆኗታል። ይህን ስትነግረኝ የሆንኩትን መሆን ለማንም ወላጅ አልመኝም። ልጄን ከሐዘን የከለልኳት መስሎኝ ነበር። ሐዘኑንማ አይታዋለች፤ እኔ ያሳጣኋት የምትነግረው ሰው ነው። እናቴ ሁልጊዜ የምትለው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ትዝ አለኝ። የሰፈር ስም ላተርፍ ብዬ የልጄን ጨዋታ ጥዬ ነበር።

እናቴ ፍሙን ወደ ውጭ እያወጣች፣ ፊቷን ሳትመልስልን መናገር ጀመረች።

«አንተንስ አጎትህ ጎጃም ለሥራ ሄዷል ብዬህ አልነበር?»

ትዝ ይለኛል። 1970 ዓ.ም. ነበር፤ የቀይ ሽብር ጊዜ። ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አጎቴ ድንገት ጠፋ፤ ጎጃም ሄደ ተባልኩ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ከስቶ መጣ። ጎጃም ሰው የሚያከሳ አገር ነው ብዬ አምኜ ነው ያደግሁት።

«ከርቸሌ ነበር» አለች እናቴ። «በየሳምንቱ ስንቅ አመላልስ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ዝናብ በሩ ላይ ያዘኝ። አንዲት ሴት ቤቷ አስገብታ እሳት አነደደችልኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ወጣሁ። ለአንተ ሳልነግርህ ይኸው አረጀሁ።»

የአዲስ አበባ ሰው እንደሚያውቀው ከርቸሌ፣ «ዓለም በቃኝ» የሚባለው ክፍል የነበረበት ግቢ፣ ዛሬ የለም። እስረኞቹ ወደ ቃሊቲ ከተዛወሩ በኋላ ፈረሰ፤ በቦታው በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። በዚያ መንገድ በታክሲ ስናልፍ እናቴ ሁልጊዜ ለምን ነጠላዋን ወደ አፏ እንደምትስብ ያን ቀን ገባኝ። ሕንፃው ረጅም ስለሆነ የተገረመች ይመስለኝ ነበር።

እንግዳዋ ሴት «እማማ፣ እርስዎስ ልጅዎን አልነገሩም። እኔስ ምን ብዬ ልንገራት?» አለቻት።

እናቴ ትንሽ አሰበች። «አሁን ማረሚያ ቤት ነው አይደል የሚሉት? እኔ ያረምኩት ጤፍ ነው። አረሙን ስትነቅዪ ጤፉም አብሮ ይነቃነቃል። ሥሩን በእጅሽ መልሰሽ አፈር ካላለበስሽው ይደርቃል። ልጅቷ ጤፍ ናት። አባቷ አጠፋም አላጠፋም ያንን ዳኛ ያየዋል። አንቺ ሥሯን አልብሻት፤ የት እንዳለ ንገሪያት እንጂ ብቻዋን አትሸከም።»

ቡናው ተፈላ። ሁለቱ ልጆች ቆጡ ላይ ወጡ። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሳይሰማ የቀረ ወሬ ቢኖር ያ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ምላጭ ይዤ ቆጡ ላይ ወጣሁና ቀለሙን ፋቅሁ። ልጄ መሰላሉን ይዛልኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎች የጓደኛዋ እናት ስንቁን ይዛ ስትገባ፣ ልጅቷ አንዳንዴ አብራት ትሄዳለች፣ አንዳንዴ ደግሞ እኛ ቤት ቆጡ ላይ የቤት ሥራ እየሠራች ትጠብቃታለች። ምርጫውን እናቷ ለእሷ ትታላት ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ዝም አለች። አንድ ቅዳሜ ግን ከእኛ ድስት ሽሮ ጨልፋ በምሳ ዕቃ አድርጋ «ይህንንም ጨምሪበት» ብላ ስትሰጣት አየሁ። ሰውየው በምን እንደታሰረ እኛም አልጠየቅንም፣ እሷም አልነገረችንም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የከተማው ባቡር ቃሊቲ ድረስ ሲመጣ መንገዱ ቀለላቸው፤ ያም ሆኖ በበራችን ሳያልፉ አይሄዱም ነበር። ጊዜው ደርሶ ሲፈታ ሦስቱም መጡ። ሰውየው የቆመው ከላሜራው በር ሥር፣ የእናቴ በርጩማ አጠገብ ነው። ጉንብስ ብሎ ጉልበቷን ሳማት።

እናቴ በ2010 ዓ.ም. ዐረፈች። ድንኳኑ የተጣለው በመጋዘኑ ፊት ለፊት ነው። አራቱ ቤተሰብ ወንበርና ድስት አወጣ፤ ዕድሩም ደረሰ። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ነበር፣ የማላውቃቸው ሴቶች እየገቡ ተቀመጡ። ስንቅ መልሰው ሲመጡ ድንኳኑን አይተው ጠይቀው ነው። ባዶውን ምሳ ዕቃ ከእግራቸው ሥር አስቀምጠው አለቀሱ። አንዷን «እናቴን በምን ያውቋታል?» ብዬ ብጠይቃት «ውሃ ሰጥታኛለች» አለችኝ። ሌላዋም እንደዚያው አለች።

በ2012 ዓ.ም. ቃሊቲን ለቀን ኮንዶሚኒየም ገባን። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ይደርሳል። ጎረቤቴ ሲያስነጥሰው አልሰማም። ለስሙ ያዋጣል፤ ማንም «ስንት ዓመት ፈረዱብህ?» አይለኝም። ባለቤቴ ግን ሽንኩርት በቁላላች ቁጥር «ለማን ሸተተ አሁን ይሄ?» ትላለች።

ልጄ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ዶርም የገባች ቀን ማታ ደወለችልኝ። ስምንት ሴቶች በአንድ ክፍል ተመድበው፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሲተዋወቁ ሁሉም ሰፈሩን ተናገረ። ተራዋ ሲደርስ «ያደግሁት ቃሊቲ ነው» አለቻቸው።

«ሳቁብሽ?» አልኳት።

«መቼ ተፈታሽ አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ሳቅሁ» አለችኝ፤ «ከዚያ ስለ እማማ ነገርኳቸው። አሁን ቡና እያፈላሁላቸው ነው። በከሰል እንዳይመስልህ ደግሞ አባዬ፤ በምድጃ ነው፣ መስኮቱም ተከፍቷል።»